መብት በፈተና ወረቀት፣ መብት በኑሮ

የዜጎችን መብትና ነፃነት ለተማሪዎች ስለ ማስተማር ሲነሣ ዘወትር የሚቀርበው ጥያቄ ስንት ክፍለ ጊዜ ይመደብ፣ የትኛው መጽሐፍ ይታተም፣ ፈተናው ከስንት ይያዝ የሚል ነው። እነዚህ ጥያቄዎች አስፈላጊዎች ቢሆኑም የነገሩን ሥር አይነኩም። የነገሩ ሥር ያለው መብት ለሠርቶ አደሩ ልጅ የሚሰጠው በምን መልክ ነው በሚለው ላይ ነው። ተማሪው መብቱን ተፈትኖበት የሚጥለው ቃል አድርጎ ከተቀበለ የተማረው ነገር ከትምህርት ቤቱ አጥር አይሻገርም። አባቱ ሲታሰር፣ የእናቱ መሬት ሲወሰድ፣ እኅቱ ያለ ፈቃድዋ ስትዳር ሊያነሣው የሚችል መሣሪያ አድርጎ ከተቀበለው ግን በእጁ የገባው ታላቅ ኃይል ነው። የጎጃምን ምድር፣ በተለይም ደምበጫንና አካባቢዋን መነሻ አድርገን የምንመረምረው ይህንኑ ይሆናል።

በቅድሚያ የትምህርቱን ታሪክ እንመልከት። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ ትምህርት አያሌ ስሞችን ለዋውጧል። በዘውዳዊው ሥርዓት «ግብረ ገብ» ይባል ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «የፖለቲካ ትምህርት» ተባለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ «ሥነ ዜጋ»፣ ኋላም «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» ሆኖ ከዴሞክራሲ ሥርዓት ግንባታና ከሕግ የበላይነት ጀምሮ እስከ ቁጠባና ዕውቀትን መሻት የሚደርሱ 11 እሴቶች ተዘረዘሩለት። በቅርብ ዓመታት በተከለሰው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ «የዜግነት ትምህርት» ተሰኝቷል። እንግዲህ የመንግሥት ሥልጣን በተለወጠ ቁጥር የትምህርቱ ስም፣ ይዘቱም በከፊል፣ ተለውጧል ማለት ነው። ያልተለወጠው ዘዴው ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በዓመቱ መጨረሻ የገለበጠውን መልሶ ያስረክባል። ግብረ ገብ የተማረው ትውልድ ታዛዥነትን፣ የፖለቲካ ትምህርት የተማረው መፈክርን፣ ሥነ ዜጋ የተማረው 11ዱን እሴቶች በቃሉ ወጥቷል። መብት ግን በቃል ተወጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ያልፋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ለም መሬት በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ያበቅላል። በእነዚህ ከተሞች ከሚማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ስንቃቸውን ተሸክመው ከገጠር ቀበሌ ይመጣሉ፤ በከተማ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ይማራሉ። አንዱን «የተያዘ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት?» ብለው ቢጠይቁት ሳያመነታ «በ48 ሰዓት» ይላል። መልሱ ትክክል ነው። ነጥቡንም ያገኛል።

ዳሩ ግን ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንግፋው። የተያዘው ያንተው ወንድም ቢሆን 48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ያለው ጉዞ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም? ሰዓቱ ቢያልፍ እናትህ ወደ ማን ትሄዳለች? ምን ብላ ታመለክታለች? ስንቅ ይዛ ብትመጣ ልጅዋን ማየት መብቷ ነው ወይስ የዘበኛው ቸርነት? በዚህ ጊዜ 48 ብሎ በፍጥነት የመለሰው ተማሪ ዝም ይላል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ይህን ማንም አልነገረውም።

መልሱ ግን ከሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ። አንቀጽ 19 እንደሚለው የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ላለመናገር መብት አለው። በራሱ ላይ ማስረጃ እንዲሆን ተገድዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት ውጭ ነው፤ ስለዚህም ሩቅ ቀበሌ ያለ ሰው ሂሳቡን ማወቅ ይኖርበታል። የያዘው ሹም ወይም ፖሊስ በጊዜው ፍርድ ቤት ካላቀረበው የአካል ነፃነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤቱን የመጠየቅ፣ ማንም ሊነፍገው የማይችል መብት አለው። በአንቀጽ 21 መሠረት ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት ይችላሉ። ስንቅ ተሸክማ በር ላይ የምትቆመው እናት ልመና ላይ አይደለችም፤ በሕግ የተጻፈ መብት ይዛ ቆማለች። ይህን ልጅዋ ቢያውቅና ቢነግራት ከበሩ ፊት የምትቆምበት አቋቋም ይለወጣል።

ስለ 48ቱ ሰዓት ሌላም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ደንቡ አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ይደነግግ ነበር። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደገመው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እንደ ገና ጻፈው። ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ሆኖም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ሰለባ የሆኑት አያሌ ወጣቶች ለአንዲት ሰዓት እንኳ ዳኛ ፊት አልቆሙም። «ነፃ እርምጃ» በሚል ስም ያለ ክስና ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ አስከሬናቸው በአደባባይ ተጣለ። በሌላው ወገንም በታጠቁ ቡድኖች እጅ ያለ ፍርድ የወደቁ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ታግዷል፤ የ1954ቱ ሕግ ግን ሳይሻር በመደርደሪያ ላይ ነበር። የጎደለው የተጻፈ ቃል አልነበረም። ቃሉን ይዞ «የት አደረሳችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ የተደራጀ ጎረቤት ነበር የጠፋው። እንዲያውም ሕዝቡ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድርበት የተቋቋመው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በብዙ ቦታ የእስር ቤት ሆኖ ነበር። ይህን የምናነሣው የቀበሌ ማኅበር አባላት የሆኑ አንባቢዎቻችን ከማንም በላይ ሊያስቡበት ስለሚገባ ነው። ማኅበር የመብት ምሽግ ሊሆን ይችላል፤ የመብት መቅበሪያም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የአባላቱ ንቃት ነው።

አሁን ወደ መማሪያ ክፍሉ እንመለስ። በይዘትና በቅርፅ መካከል ያለው ቅራኔ ከዚህ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንድ መምህር ይህን አንቀጽ በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ በብብቱ አለንጋ ይዞ ከሆነ ልጆቹ የሚማሩት የትኛውን ነው? የተጻፈውን ወይስ የተያዘውን? ልጅ የሚያየውን እንጂ የሚሰማውን አያምንም። «መብት ማለት መጽሐፍ ላይ ያለ፣ ኃይል ማለት ግን እጅ ላይ ያለ ነው» የሚለውን ትምህርት በዚያች ቅጽበት ይቀስማል፤ ይህንንም ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ኋላ ሹም ቢሆን ያንኑ ይደግማል። በአንጻሩ ተማሪው ጥያቄ ሲያነሣ የሚደመጥበት፣ ከመቀጣቱ በፊት «ምን ትላለህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት፣ የተማሪዎች ፓርላማ የሚባለው በስም ብቻ ሳይሆን በእውነት የሚከራከርበት ትምህርት ቤት አንድም አንቀጽ ሳያስነብብ መብትን ያስተምራል።

አንዳንድ ሰዎች የዜጎች መብት ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ለገጠሩ ሕዝብ ባዕድ የሆነ ሐሳብ ነው ይላሉ። ይህ ከታሪክ ጋር የሚጣላ አባባል ነው። «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጥሪ ከየት መጣ? ደካማው ኃይለኛውን በዚህ ቃል ሲያቆመው ኖሯል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን አቆራኝተው መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ ዳኛ ያደርጉት ነበር። በችሎት «ተጠየቅ» እያሉ መሟገት ገበሬው የተካነበት ጥበብ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚለውን ተረት የተናገረው የሕግ ፋኩልቲ ምሩቅ አይደለም። በዚህች አንዲት ተረት ውስጥ ንብረት ያለ ሕጋዊ ሥርዓት አይወሰድ የሚለው ታላቅ መርሕ ከነምክንያቱ ተቀምጧል። በቅሎ ከጭብጦ እጅግ ትበልጣለች፤ ሰውየውን ያንገበገበው የነገሩ ዋጋ ሳይሆን የፍርድ መታጣት ነው።

እርግጥ ነው፣ ያው ሕዝብ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚልም ተረት አለው። ሁለቱ ተረቶች በአንድ ምላስ ላይ መኖራቸው አያስገርምም። አንደኛው የተበደለው ሰው ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው የገዥው ኃይል በተገዥው አፍ ውስጥ ያስቀመጠው ተስፋ መቁረጥ ነው። የመብት ትምህርት ዓይነተኛ ተግባርም የመጀመሪያውን ማጠንከር፣ የሁለተኛውን ሥር ማሳየት ነው። መምህሩ ሁለቱን ተረቶች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ «የትኛው እውነት ነው? ለማን?» ብሎ ቢጠይቅ የአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜ አይበቃውም።

ከተረት ወደ ታሪክ ስንሻገርም የጎጃም ገበሬ ለመብቱ መቆምን ከመጽሐፍ አልተማረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው ግብሩ መሬቱን በቀላድ ለማስለካትና ርስቱን ለማሳጣት የመጣ ነው ብሎ ሠጋ። በተለይም በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ሕዝቡ መለካትንና መገመትን እምቢ አለ። አቤቱታ አቀረበ፤ አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ተጠቀመ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም እንዲቀር ተደረገ። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ተጽፎለት ነበር። ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን አቤት ባይና ሰሚ የሚገናኙበት መንገድ አልተዘረጋም። በወረቀት ያለ መብት በሥራ ካልተተረጎመ ዋጋው በደም እንደሚከፈል ከ1960 ዓ.ም. የበለጠ አስተማሪ የለም። ይህ ታሪክ ግን ለደምበጫ ልጅ ሲነገረው የኖረው በአያቱ አፍ እንጂ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በሚገባው ስፋት አልነበረም።

ሌላም ምሳሌ እናንሣ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት አገኙ። ይህ ፍትሐዊ ግብ ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንድ ገበሬዎች «ፊውዳል» ወይም «ቢሮክራት» ተብለው ተፈረጁ፤ በቀድሞው ሥርዓት በገበሬ ማኅበር አመራር የሠሩ ሰዎች ጭምር ይዞታቸው ከሌላው በተለየ በ4 ጥማድ እንዲወሰን ተደረገ። የተፈረጀው ሰው በገለልተኛ ዳኛ ፊት «አይደለሁም» ብሎ የሚሟገትበት መድረክ አልተሰጠውም። አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ የዘለቁ ገበሬዎች ነበሩ። ጥያቄው መሬት ለሌለው መሬት ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚል አልነበረም። ለአንዱ መብት ሲሰጥ ለሌላው የመሰማት መብት ሊነፈግ ይገባልን? ነበር። ይህን ጥያቄ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ በሁለት ጎራ ተከፍለው ቢከራከሩበት የመሬቱን ያገኘው ልጅና መሬቱ የተቀነሰበት ልጅ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ይገኛሉ። መብት ለወገኔ ብቻ ሲሆን መብት መሆኑ እንደሚቀር የሚያስተምራቸው ይኸው ክርክር ነው።

በሌላው ዓለምም ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር አንዢኩስ በምትባል የገጠር ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ያህል ትምህርት ማንበብና መጻፍ አስተምሮ ነበር። የጀመረው ከፊደል ገበታ ሳይሆን ሠራተኞቹ በየዕለቱ ከሚናገሩዋቸው፣ ኑሮአቸውን ከሚገልጹ ቃላት ነበር። በዚያን ጊዜ በብራዚል ማንበብ የማይችል ሰው አይመርጥም። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ማለት የመምረጥ መብት መጎናጸፍ ነበር። በዓመቱ በ1964 የጦር መኮንኖች ሥልጣን ያዙ፤ ፍሬሬ ታሰረ፣ ተሰደደም። ኋላ እንዳስተማረው መምህሩ ዕውቀትን በተማሪው አእምሮ ውስጥ እንደ ባንክ ገንዘብ የሚያስቀምጥበት ትምህርት ጭቁኑን ጭቁን አድርጎ ያስቀረዋል። በአገራችንም በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተሰለፉት ሁሉ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ልምድ ነበራቸው። አያሌ ገበሬዎች ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፉ። ሆኖም ማንበብ የቻለው ሰው የሚያነበው የተፈቀደለትን ብቻ ሲሆን፣ መጠየቅም ሲያስቀጣ፣ ፊደሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ዛሬ የገበሬው ልጅ ግማሹን መንገድ ሊጨርሰው ይችላል። እንዴት? በቤቱ ካለው ወረቀት በመጀመር። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። በብዙ ቤት ግን በሳጥን ታሽጎ ይቀመጣል፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ስማቸው በውስጡ መኖሩን አያውቁም። የደምበጫ ተማሪ በበዓል ወደ ቤቱ ሲመለስ ደብተሩን አውጥቶ ለእናቱ ቢያነብላት፣ «ይህ የአንቺ ስም ነው፤ ያለ ፈቃድሽ ሊተላለፍ አይችልም» ቢላት ስለ ሴቶች እኩልነት የሚናገረውን አንቀጽ 35ን ከማንኛውም ፈተና በላይ አልፏል ማለት ነው።

የልጃገረዶችም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። አካባቢው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሥር ሰድዶ ከኖረባቸው አንዱ ነው። አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመትን ወሰን አድርጓል፤ የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ማግባት ወንጀል አድርጎታል። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ድግስ እንደ ተደገሰላት ስትሰማ ይህን ማወቅዋ ብቻውን አያድናትም። ለማን እንደምትናገር ማወቅ አለባት። የምትነግራት መምህርት፣ ከመምህርቷ ጋር የሚቆም የወላጆች ኮሚቴ፣ ኮሚቴውን የሚሰማ የቀበሌ አስተዳደር ሊኖር ይገባል። መብት ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ቢበጠስ ሌላው አይጎትትም። ደግሞም አባቷን ጠላት አድርጎ ማሳየት አይጠቅምም። አባት ልጁን የሚድረው ብዙውን ጊዜ በድህነትና በክብር ሥጋት ነው። ሥጋቱን የሚያስወግድለት ጎረቤት ሲያገኝ ድግሱን ይተዋል።

ሠራተኛውስ? በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ፋብሪካ የሚገባ ወጣት ብዙ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይደነግጋል፤ ለአዋቂው ሠራተኛ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓትን ጣሪያ ያደርጋል። እነሆ ያው 48 እዚህም ተገኘ። ሠራተኛው የሳምንቱን 48 ሰዓት በድካሙ ይቆጥረዋል፤ የእስሩን 48 ሰዓት ግን ብዙው አያውቀውም። ሁለቱም የሰውን ጊዜና አካል ከሌላው ሰው ፈቃድ በላይ የሚያደርጉ ገደቦች ናቸው። የመደራጀትን መብት ለሥራ ሰዓቱ የሚፈልግ ሠራተኛ ለጎረቤቱ ነፃነትም ሊፈልገው ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የዛሬውን ተጨባጭ ሁኔታ ሸፍኖ ማለፍ አይቻልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተቀስቅሶ ምዕራብ ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል። አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። የመማር መብት ራሱ ሲታጣ ስለ መብት መማር ከየት ይመጣል? ማንም ወገን፣ በማንኛውም ዓላማ ስም፣ ትምህርት ቤትን የጦር ሰፈር፣ ተማሪንና መምህርን ዒላማ ሊያደርግ አይገባም። ይህ የየትኛውም ጎራ ጥያቄ አይደለም፤ የሕፃናቱ ጥያቄ ነው።

በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጀመሪያ ለ6 ወር፣ ቀጥሎ ለ4 ወር ጸንቶ በ2016 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙ ሰው «አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ መብት ሁሉ ይቀራል» ብሎ ያምናል። ስሕተት ነው። አንቀጽ 93 ሊታገዱ የማይችሉ ድንጋጌዎችን ይዘረዝራል፤ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18ና የእኩልነት መብትን የያዘው አንቀጽ 25 ከእነዚህ መካከል ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ሳለ አዋጁ በታወጀ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል። መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ ቦርዱም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። የሕይወት መብት በአንቀጽ 93 ዝርዝር ውስጥ በስም አልተጠቀሰም፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በምንም ሁኔታ እንዳይታገድ ያደርገዋል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። መብት የሚፈተነው በሰላም ቀን አይደለም። ተማሪው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው የክፉ ቀን ሕጉን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ መምህሩ እያንዳንዱን አንቀጽ ከአካባቢው ኑሮ በወጣ ጥያቄ ይክፈት፤ አለንጋውንም ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤትና የወረዳ ፍርድ ቤት ችሎት ይመልከቱ፤ ችሎት ለሕዝብ ግልጽ መሆኑ ራሱ መብት ነውና። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል የሚያካሂደው የምስለ ችሎት ውድድር መልካም ጅምር ነው፤ ይህ ዓይነቱ ክርክር ግን ለውድድር የተመረጡ ጥቂቶች ብቻ ሳይሆን በየክፍሉ ያሉ ሁሉ ሊቀምሱት ይገባል። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሁሉ የቀበሌ ማኅበር አዳራሹን፣ ዕድሩ ድንኳኑን፣ ሥራ ያጣው መምህር ዕውቀቱን ያውጣ። አራተኛ፣ በየቀበሌው ሰው ሲታሰር ስሙን፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት የሚመዘግብ፣ ቤተሰቡን ወደ ፍርድ ቤት የሚመራ ጎረቤት ይኑር። ለዚህ ሥራ ባጀት አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እርሳስና ሰዓት ይበቃሉ።

መንግሥትም ከዚህ ሥራ የሚያጣው ነገር የለም። መብቱን የሚያውቅ ዜጋ ግዴታውንም ይጠይቃል፣ ግብሩንም በደረሰኝ ይከፍላል፣ ሹሙንም በሕግ ይከሳል እንጂ በጥይት አያነጋግረውም። በ1960 ዓ.ም. አቤቱታው ሰሚ ያገኘ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር። የዛሬው ወጣት አቤት ብሎ የሚደመጥበትን መንገድ በትምህርት ቤት ካላገኘ የት ሊያገኘው ነው?

እንግዲህ የቀበሌ ማኅበር አባላትና ሠራተኞች ሆይ፣ ሥራው የመምህሩ ብቻ አይደለም። ልጃችሁ «48 ሰዓት» ብሎ ሲመልስ አትለፉት፤ «ከዚያስ?» በሉት። ካላወቀ አብራችሁ አንብቡ። የሦስት ዘመን ሕግ የጻፈውን ይህን ቁጥር ከወረቀት አውጥቶ በሰዓት የሚቆጥረው ጎረቤት እስኪኖር ድረስ የመብት ትምህርት ገና አልተጀመረም።